ለታናናሾቻችን እውነቱን እንንገራቸው
(በሐይቅና በአምባሰል ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ኮኬይን ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። «እዚህ አገር ኮኬይን ማን አይቶ ያውቃል? የምናውቀው ጫት ነው» እንደምትሉኝ አልጠፋኝም። ግን እኮ አብዛኞቻችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አላችሁ። ያ ልጅ ነገ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ምናልባትም ዓረብ አገር ይሄድ ይሆናል። ከመሄዱ በፊት የሚያምነው ሰው ሊነግረው ይገባል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ምን ትሉታላችሁ? «አንዴ ከቀመስክ አለቀልህ» ብላችሁ አታስፈራሩት። ስለ ጫትም እንዲሁ ቢባል፣ ልጁ ጫት ተሸጦ ደብተር ሲገዛ፣ ሽማግሌዎችም ዱዓ ላይ ሲቅሙ ያያል። አንዱ ማስፈራሪያ ውሸት ከሆነበት ቀጥሎ የምትነግሩትን እውነትም አያምንም።

እውነቱ ይህ ነው። ኮካ የተባለው ተክል በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ይበቅላል። የአገሩ ገበሬ ድካምና ረሃብ ለማስታገስ ቅጠሉን ያኝካል። እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ አልበርት ኒማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ኮኬይንን ከቅጠሉ ለይቶ አወጣ። ዱቄቱ ከቅጠሉ እጅግ የበረታ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል የደስታ መልእክተኛ አለ፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ መጣበት ይመለሳል። ኮኬይን የመመለሻውን በር ይዘጋበታል። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ይግላል፣ ከዚያ ድብርት ይወድቅበታል፣ ከዚያ «ሌላ አምጡ» ይላል። የደም ሥርን ስለሚያጠብብም የወጣትን ልብ እንኳ በድንገት ሊያቆም ይችላል።

ኤች.አይ.ቪስ? መርፌ መዋዋስ ቫይረሱን ያስተላልፋል። በአፍንጫ ቢሳብም ማስተዋልን ይነጥቃል። ይህቺኛዋ እኛም ሰፈር አለች። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ያበዛል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ ከመጠጡ በኋላ «ምን አለበት» ይመጣል። በዚያች ሰዓት ኮንዶም የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

ሌላም አለ፤ «ይቺን ዕቃ ብቻ አድርሺልኝ» የሚል ሰው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ኮኬይን ይዘው የተያዙ መንገደኞች ጥቂት አይደሉም። አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ለጽኑ እስራት ይዳርጋል፤ በሳውዲ ዓረቢያ ደግሞ እስከ ሞት ያስቀጣል። «አላወቅሁም ነበር» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ስለዚህ ለታናሻችሁ ሦስት ነገር ንገሩት፦ የማታውቀውን ዱቄትና እንክብል አትቅመስ። ውስጡን ያላየኸውን ዕቃ አትሸከም። የሚያስጨንቅህ ነገር ከገጠመህ ለኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም።

ልጅ ግን ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ያምናል። እናንተ ከትምህርት ቀርታችሁ በርጫ ላይ ከተቀመጣችሁ ምክራችሁ ከንቱ ነው። እየኖራችሁ አስተምሩት!