ጣቱን ስለሚጠባ ሕፃን



ሕፃን ጣቱን የሚጠባው ከባለጌነት የተነሣ ሳይሆን ራሱን ለማጽናናት ነው። ብዙዎቹም ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ራሳቸው ይተዉታል። ስለዚህ ጣቱን እሬት መቀባትና በእንግዳ ፊት ማሳፈር ጭንቀቱን ያበዛበት እንደ ሆነ እንጂ አይጠቅመውም።

አባት ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ ሲዛወር፣ ቤቱና ጎረቤቱ የተለወጠበት ልጅ ትቶት የነበረውን ልማድ እንደ ገና ቢጀምር ሊያስደንቀን አይገባም። ያን ጊዜ ቁጣውን ትተን እጁን ሥራ እናስይዘው፤ እናት ቆጮ ስትጋግር ከሊጡ ቆርሳ ትስጠው፤ አባትም ከቢሮ ሲመለስ ተረት እየነገረ ያስተኛው። ቋሚ ጥርስ በሚበቅልበት በ6 ዓመት ገደማ ልማዱን ካልተወ ግን ጥርሱ ሊጣመም ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

እንግዲህ ጣቱን ከአፉ ከማውጣታችን በፊት፣ በምትኩ ምን እንደምንሰጠው እናስብ።