ለአርጃኖ የሚስማማ አፈር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬን አርእስት ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። በበዓል ቀን ስለ አርጃኖ መኝታ መናገር እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ይህን የመረጥሁት በገዛ ስሕተቴ የተማርሁት ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

አርጃኖ ከእንሽላሊት ወገን የሆነ፣ ካደገ በኋላ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሁለት ሜትር ሊደርስ የሚችል ፍጥረት ነው። በውሀ ዳር የሚኖረው ዓይነት በሳይንስ ስሙ ቫራኑስ ኒሎቲከስ ይባላል፤ ይኸውም የናይል አርጃኖ ማለት ነው። ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና ዓሣ ይመገባል፤ የአዞን እንቁላል ሳይቀር ቆፍሮ ይበላል። በእኛም አገር ብርና ፈጠም ወደ ዓባይ ከሚወርዱበት ቆላ የሄደ ሰው፣ በወንዝ ዳር ቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ ኮሽታ በሰማ ጊዜ ወደ ውሀ ሲወረወር ሊያየው ይችላል።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በበጋው ወራት፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ በብር ወንዝ ዳር ቁመቱ ክንድ የማይሞላ አርጃኖ ያዝንና በጆንያ አድርገን ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣነው። የእንጨት ሳጥን ሠርተን፣ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ለምነን፣ በሳጥኑ ውስጥ ነሰነስንለት። ቀድሞ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መኝታችን ደረቅና ንጹሕ እንዲሆን ዘወትር እንመከር ነበር። እኔም ለሰው የሚበጀው ለአርጃኖም ይበጃል ብዬ አሰብሁ። የመጠጥ ውሀም በጣሳ አቀረብሁለት፤ ምንም የጎደለው አልመሰለኝም።

ወር ሳይሞላው ዓይኑ ጎደጎደ፤ መብላትም ተወ። የሚገፈፈው አሮጌ ቆዳ ከጣቶቹ ላይ አልወርድ ብሎ እንደ ክር ተጠምጥሞ ቀረ። ደምም አላሳልፍ ስላለ ከጣቶቹ አንዱ ጠቁሮ ወደቀ። በዚህ ጊዜ አያቴ ወደ ሳጥኑ ተመልክታ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ የውሀ ዳር ፍጥረት አይደለም እንዴ? በደረቅ ሰጋቱራ ላይ ምን አስተኛኸው? ይልቅስ የጉድጓዱን አፈር አምጣለት» አለችኝ። ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቅ አያቴ ያየችውን እኔ አላየሁም ነበር።

ነገሩን ለባዮሎጂ መምህራችን በነገርሁት ጊዜ ምክንያቱን አስረዳኝ። አርጃኖ በተነፈሰ ቁጥር ከሰውነቱ ውሀ ይወጣል፤ አየሩ ሲደርቅ የሚወጣው ይበዛል። በጉድጓድ ውስጥ ግን አፈሩ እርጥብ ስለ ሆነ አየሩም እርጥብ ነው፤ እንስሳውም ያን ያህል ውሀ አያጣም። ድርቀቱ ከረዘመ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ በጣሳ የቀረበ ውሀ ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የኩይሳው ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ በናታል፣ በሚሲዮናውያን ወላጆች እጅ ያደገ ሬይሞንድ ካውልስ የተባለ ሊቅ የዚህን አርጃኖ ኑሮ ተከታትሎ በ1930 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ሴቲቱ አርጃኖ ዝናብ ያለሰለሰውን ኩይሳ በጥፍሯ ትበሳና እንቁላሎቿን በውስጡ ትጥላለች፤ ብዛታቸውም እስከ 60 ሊደርስ ይችላል። ምስጦቹም ቤታቸው ስለ ተበሳባቸው ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል። እንቁላሎቹ በሙቀትና በእርጥበት መካከል ለብዙ ወራት ይቆያሉ። እናት ሳትታቀፋቸው፣ አፈሩና ምስጡ ያሳድጓቸዋል ማለት ነው።

እንግዲህ አፈሩን እንዴት እንደ መረጥን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰጋቱራ እርጥበት ይመጣል፤ የጥድ ሲሆን ደግሞ ሽታው መተንፈሻን ያውካል። ሁለተኛ፣ የጤፍ ጭድ ውሀ ሲነካው ይሻግታል። ሦስተኛ፣ አሸዋ ብቻውን ሲሆን ቶሎ ይደርቃል፤ ጉድጓድም ሲቆፈርበት ይናዳል። አራተኛ፣ ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። እኛ የመረጥነው ቀይ አፈር ነው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋና ጥቂት የበሰበሰ ቅጠል ቀላቀልን። አፈሩንም ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ከማይነካው ቦታ ወሰድነው።

የእርጥበቱ መጠን በእጅ ይታወቃል። አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቆየ ደኅና ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ ውሀ ካንጠባጠበም በዝቶበታል። ሁለመናው የራሰ አፈር ቆዳን ስለሚያቆስል ውሀውን በአንድ ጥግ እያፈሰስን ታችኛው እንዲረጥብ፣ ላይኛው ግን ደረቅ እንዲል አደረግን። በአንድ ወገን ፀሐይ እንዲገባለት ክፍት ተውን። ጥልቀቱም እንስሳው ቆፍሮ ሁለንተናውን ሊሰውርበት የሚበቃ መሆን አለበት። አርጃኖንም ሆነ አፈሩን ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ እንዲህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን የበሽታ ተሕዋሲ ይይዛሉና።

አፈሩን በለወጥንለት ማግሥት አርጃኖው ጠፋ። አመለጠ ብለን ስንፈልግ፣ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኑ ሞላ፤ መብላትም ጀመረ። የወደቀው ጣቱ ግን አልተመለሰም። ክረምቱ ሲገባ ከያዝንበት ከዚያው ከብር ዳር ወስደን ለቀቅነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ስላችሁ አርጃኖ ይዛችሁ አሳድጉ ማለቴ አይደለም። የዱር እንስሳ መያዝ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ተደንግጓል፤ እኛ ይህን ሳናውቅ ነበር ያደረግነው። እኔ የምለው፣ አንድን ፍጥረት እንወዳለን ከማለታችን በፊት የሚኖርበትን ስፍራ እንመርምር ነው። እኔ ወደድሁት ብዬ ጣቱን አሳጣሁት፤ ለእኔ የሚመቸኝን ሰጠሁት እንጂ ለእርሱ የሚመቸውን አልጠየቅሁምና። ያን አፈር በሳጥን ለማዘጋጀት ብዙ ደክመናል፤ የወንዙ ዳር ግን ያለ ማንም ድካም አዘጋጅቶት ነበር። እንግዲህ ወላጆቻችን እስከ ወንዙ አፋፍ በሚያርሱበት ጊዜ፣ እኛም ልጆቻቸው ኩይሳ ለጨዋታ በምናፈርስበት ጊዜ፣ የማን ቤት እንደ ሆነ እናስብ።

 ለትምህርት ቤታችንም ረዥም ዕድሜ እመኛለሁ።