ባህል ከበዓል ቀን ልብስ በላይ ነው
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ፒከሪንግተን፣ ኦሃዮ የተደረገ ንግግር)






ባህል ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የሀበሻ ቀሚሱ፣ እስክስታውና ዶሮ ወጡ ነው። እነዚህ ጌጦቻችን ናቸው። ነገር ግን ባህል ሰው መሬቱን፣ ውሃውንና ጎረቤቱን የሚጠብቅበት ሥርዓት ጭምር ነው።

የኮንሶን ሕዝብ እንመልከት። ዝናብ በሚያጥርበት፣ ድንጋይ በበዛበት ተራራ ላይ እርከን እየሠራ፣ አፈሩን ከመታጠብ እያዳነ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል። እርከኑ እስከ ዛሬ የቆመው የፈረሰውን በኅብረት የሚጠግን ሥርዓት ስላለ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንሰትንና ቡናን በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የሚያለማው የጌዴኦ ምድርም በ2023 ተመዝግቧል።

ወደ ደቡብ ጎንደር ብንሻገር፣ ነባሩ ደን ተመንጥሮ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ያተረፈው የምእመናን አክብሮት ነው። ሆኖም ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላው አክብሮቱ ብቻውን አልበቃም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ተመካክረው፣ ደኖቹ የድንጋይ ካብ እንዲታጠርላቸው ደክመዋል። ድንጋዩ ከማሳ ስለተለቀመ ማሳውም ለእርሻ ተመቸ። ባህልና ሳይንስ ሲመካከሩ ልማት ሥር ይሰዳል።

እኛስ? ዕድርንና ዕቁብን ይዘን ባሕር ተሻግረናል፤ ሐዘን የገባበት ቤት ብቻውን እንዳያድር እናደርጋለን። ይሁን እንጂ ራሳችንንም እንጠይቅ። ለአገር ቤት ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ስናዋጣ፣ ነገ ማን ይጠብቀዋል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ብለን የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ዕድሮች ስንቶቻችን አማክረናል? ልጆቻችንንም ለጭፈራው እንጠራቸዋለን፤ ለስብሰባው ግን አንጠራቸውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የአካባቢው ሕዝብ ላልመከረበት ሥራ ገንዘብ አናዋጣ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ወጣት ይዘን ወደ ስብሰባ እንምጣ፤ ቃለ ጉባኤ መያዙንና ሒሳብ መቆጣጠሩን ከአሁኑ ይልመዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን የሚፈትል ትውልድ ከሌለ ግን የሚቀረን ተረቱ ብቻ ነው።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።