ከሸዋ በር ሲታይ፦ የቀላል ባቡርና የአውቶቡስ የወጪ ንጽጽር



ትናንት ማለዳ ሸዋ በር ቆሜ ነበር። ባጃጁ፣ ሚኒባሱና እግረኛው ሲጋፉ አንድ ተማሪዬ «ለሐረርም እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ቢሠራላትስ?» ሲል ጠየቀኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ የምሰጠው መልስ ነው።

የሐዲድ ወጪ የከተማን ዕጣ እንደሚወስን ሐረር ታውቃለች። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር እዚህ እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ስለ ከበደ ግን በ1895 ዓ.ም. ከሥር ካለው ሜዳ ደርሶ በዚያው አለፈ። ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ተቆረቆረች።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ለ34 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው።

ለባቡሩ የሚሟገቱ ወገኖች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሐዲዱ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ አንድ አሽከርካሪ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያጓጉዛል፤ ኃይሉም በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ባቡሩ በየጥቂት ደቂቃው ሲመላለስ ነው። ቋሚ ወጪ መንገደኛ ኖረም አልኖረም ይቆጠራል። በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ ዕዳው አብሯቸው አልቆመም።

ሁለተኛው ጉዳይ የገንዘቡ ዓይነት ነው። ትኬቱ የሚሸጠው በብር፣ ብድሩና መለዋወጫው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ባቡሩ ሲመረቅ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሜትር ሐዲድ ሳይጨመር፣ እያንዳንዱ የዕዳ ዶላር በብር ሲሰላ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ።

አውቶቡስም ከምንዛሪ ነጻ አይደለም፤ ነዳጁም ጎማውም ከውጭ ይመጣል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ወጪው ግን ይከፋፈላል። አሥር ገዝቶ መሞከር፣ ስሕተት ቢገኝ መስመር መቀየር ይቻላል። የተተከለ ሐዲድ እንዲህ አይዛወርም። ሆኖም በመኪና መካከል የተቀረቀረን አውቶቡስ በተከለለ መንገድ ከሚሄድ ባቡር ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አስቀድሞ ለአውቶቡሱም የራሱ መንገድ ሊከለልለት ይገባል።

ባቡር አያስፈልግም አልልም፤ በየሰዓቱ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ አቅጣጫ በሚተምበት መስመር ወጪውን ሊመልስ ይችላል። ሐረር ግን እንዲህ ያለ መስመር የላትም፤ የጀጎል መተላለፊያዎችም አብዛኞቹ የተሠሩት ለእግረኛና ለአህያ ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ የምመልሰው፣ ከሸዋ በር ውጭ በተከለለ መንገድ በሰዓቱ የሚደርስ አውቶቡስ እናስቀድም የሚል ነው። «ስንት ያወጣል?» ከማለታችንም ጋር «በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ብለን እንጠይቅ።