በበዓላችን የምናነደው ምንድን ነው?

(በመካኒሳ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቡሄ በዓል አስቀድሞ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)





ብርሃን አብርቶ በዓል ማክበር የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። አይሁድ መቅደሳቸው የታደሰበትን ቀን ስምንት ሌሊት መብራት እያበሩ ያስቡታል፤ በዓሉም በዮሐንስ ወንጌል 10፥22 ተጠቅሷል። ሂንዱዎች በዲዋሊ በዘይት የተሞሉ የሸክላ መብራቶችን በየደጃፋቸው ይደረድራሉ። እኛም የቡሄ ችቦና የመስቀል ደመራ አለን።

የብርሃኑን ምሥጢር አባቶቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔ ማንሣት የወደድሁት ስለሚነደው ነገር ነው። በኦሪት ዘጸአት 27፥20 ለመብራቱ የታዘዘው ተወቅጦ የተጠለለ የወይራ ዘይት ነው፤ ያገኙትን ዘይት ሁሉ አምጡ አልተባለም። አባቶቻችንም ጧፍን ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም ሲሠሩ ኖረዋል።

አሁን ግን የምናነደው ነገር ሳናስተውለው ተለውጧል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና የደረቀ ጉድፍ ነበር። ዛሬ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ነው። አየሩን ያነጻል ተብሎ የተጀመረው ጢስ ሕፃናትንና የአስም ሕሙማንን ያስላል። በቡሄ ማታ በየመንደሩ አሮጌ ጎማ የሚያነዱ ወጣቶችም አሉ፤ ይህን ከችቦ ጋር ማን እንዳዛመደው እንጃ። በሕንድም ከሸክላው መብራት ላይ ርችት በዝቶ አየሩን ስለበከለው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ርችት የሚተኮስበትን ሰዓት እስከ መወሰን ደርሷል።

ወደ ደመራችን ልመለስ። በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓላችን በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ዓለም የመሰከረው ለእሳቱ መጠን አልነበረም። የደመራው ትልቅነት የሰበካው ክብር መለኪያ ሆኖ ሲታይ ግን እንጨቱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ይጠፋል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የአገራችን ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይበቅልም፤ ችግኙም ለምሰሶ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በብዙ የአገራችን ክፍል፣ ይልቁንም በጎንደርና በጎጃም፣ የቀሩት ነባር ዛፎች በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያሉት ናቸው። እነዚያን የጠበቀች ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ሰው ማሳ የተቆረጠ ጥድ ለደመራዋ ብትገዛ ምን ይባላል?

ስለዚህ ከሰበካ ጉባኤያችሁ የምለምነው ይህን ነው። ለደመራው የሚገዛው እንጨት ባሕር ዛፍ ብቻ ይሁን፤ ከማን እንደ ተገዛም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። በየመንደሩ ተራርቀው የሚነዱት ትናንሽ ደመራዎች ጎረቤት ከጎረቤት ቢተባበሩ ስሙም መደመርን ያመለክታልና አይከብድም። ችግኝንም በተመለከተ፣ በሐምሌ መትከሉን ለምደነዋል፤ የሚቸግረው በጥር ውኃ የሚያጠጣ ማግኘት ነው። ችቦውን የሚያስሩት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ችግኝ በስማቸው ተረክበው እስከ በልግ ዝናብ ያጠጡ። ውሳኔው ከጳጉሜን በፊት ቢተላለፍ እንጨት ለሚገዙት ወንድሞች በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።