ሞተሪኖው ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት
(ለማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ምጥ የያዛትን እኅታችንን ወደ ጤና ጣቢያ ልናደርስ ስንል መኪናችን እምቢ ማለቷን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ኋላ በአሥራ ሁለት ሰው ተገፍታ በቁልቁለቱ ተነሣች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ግን ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ብትሆን ኖሮስ?

በማግስቱ ከተማ ወስደን ያሳየነው መካኒክ ምንም ሳይፈታ «ሞተሪኖው ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዙ» አለን። እኔም ተማሪ ነኝ ባይ አንገቴን ነቀነቅሁ። ማኅበሩ ከእህል ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያወጣ ምንም አልቀረው። እሑድ ዕለት ከሹፌራችን ጋር ስናየው ግን ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጫፉ ዝጎ ኖሯል። አንድ መፍቻና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት በቃው።

ለመሆኑ ሞተሪኖ ምንድን ነው? ትልቁ ሞተር በራሱ አይነሣም፤ መጀመሪያ የሚያዞረው ይፈልጋል። ድሮ ሰው ከፊቱ ቆሞ በማኒቬላ ያዞረው ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለ የአሜሪካ መኪና ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ወጣ። ዛሬ ያ ሥራ የሞተሪኖ ነው። ቁልፉ ሲዞር ጥርስ ያላት ትንሽ ማርሽ ወጥታ የትልቁን ሞተር ቮላኖ ትነክስና ታዞረዋለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ለቃው ትመለሳለች። ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን ከ100 አምፔር በላይ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ሽቦው የወፈረው ለዚህ ነው። የመስኖ ቦይ አፉ በደለል ሲደፈን ለእንስራ የሚሆን ውኃ ያንጠባጥባል እንጂ ማሳ አያጠጣም፤ የዛገ ሽቦም እንደዚያው ነው። ሬዲዮው ይናገራል፣ ሞተሪኖው አይዞርም።

እንግዲህ መኪና እምቢ ሲል የፊቱን መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። ዓይን መብራቱ ላይ፣ ጆሮ ድምፁ ላይ ይሁን። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ሽቦው ላልቷል፣ ዝጓል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከደጋገመም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። መብራቱ ፍክት እንዳለ አንዴ ብቻ «ጠቅ» ካለ ያኔ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። «ዥው» እያለ ዞሮ ትልቁን ሞተር ካላንቀሳቀሰ ትንሿ ማርሽ አልነከሰችም ማለት ነው። ሐሙስ ሌሊት መብራቱ ደብዝዞ ነበር። ሁላችንም አይተናል፤ ትርጉሙን ግን ማንም አላወቀም።

ሞተሪኖው መፈታት ካለበት መኪናው ከማርሽ ይውጣ፤ ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታ። ይህን የረሳ ሰው መፍቻው ብረት ሲነካ እሳት ይረጭበታል። ባትሪ አጠገብ ክብሪትና ሲጋራ አይቅረብ፤ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ሞተሪኖው ሲከፈት ካርቦን የሚባሉ ጥቁር ቁራጮች ታያላችሁ። በሞላ እየተገፉ የሚሽከረከረውን መዳብ ይነካሉ፤ እንደ እርሳስም እያለቁ ይሄዳሉ። አጥረው መዳቡን መንካት ሲያቅታቸው ይለወጣሉ፤ ዋጋቸው ከአዲስ ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። የጠቆረ መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። የተጠቀለለው ሽቦ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ግን በእርግጥ ተቃጥሏል፤ ለባለሙያ ይሰጥ።

ጋሼ ሹፌራችን አይቆጡኝና፣ ቁልፉን ከአሥር ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ነው የሚያቃጥለው። ካልተነሣ ለቀቅ አድርጎ አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ነው።

በሉ አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ከመኪናዋ ሽቦዎች አንዱን ሆን ብዬ አላልቼዋለሁ። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ ሌላው መብራቱን ይመልከት፤ የትኛው እንደሆነ እናንተ ፈልጉልኝ።