እንገር አይፍሰስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ስንደርስ የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው፣ የልጁን ሆድ ያማል» ብለው አልበው አፍስሰውታል። ለሕፃኑም ቅቤ ያልሱታል። እኛም ገንፏችንን በልተን ዝም ብለን ወጣን። ዝም ማለታችን ስለ ከነከነን ነው ዛሬ የተነሣነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በራሳችን ልጆችም ጊዜ ያንኑ ስናደርግ ነበር።

ለመሆኑ የጡት ወተት ምንድን ነው? ከ100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው። 7 እጅ ያህሉ ስኳር፣ 4 እጅ ያህሉ ስብ፣ 1 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ሕፃኑ በሙቀት ጊዜም ቢሆን ሌላ ውሃ አያሻውም። የላም ወተት ፕሮቲኑ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል።

እንገሩስ? ቢጫ ያደረገው በካሮት ውስጥ እንዳለው ያለ ቀለም ነው እንጂ መግል አይደለም። ቫይታሚን ኤ አለበት። ፕሮቲኑም ከኋለኛው ወተት ይበልጣል፤ ብዙው የእናቲቱ ሰውነት የሠራው በሽታ ተከላካይ ነው። ይኸው የሕፃኑን አንጀት ይለብጥና ተውሳክ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ላክቶፌሪን የሚባለው ደግሞ ብረቱን ይዞ ተውሳኩን ያስርበዋል።

«ትንሽ ነው፣ አይበቃውም» ይባላል። የአንድ ቀን ልጅ ሆድ ግን በአንድ ጊዜ የሚበቃው የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለጥጃ ያወቅነውን ለልጃችን እንዴት እንረሳለን?

ስለዚህ፦
1ኛ/ ልጅ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እንገሩም አይፍሰስ።
2ኛ/ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ቅቤም፣ ውሃም፣ አብሽም አይሰጠው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን ይሰጠው።
3ኛ/ ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጀመርለት፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥ።

ሕመም ያለባት ወይም መድኃኒት የምትወስድ እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

ወገኖቻችን፣ አራሷ በዚያች ሰዓት ደክማ ተኝታለች፤ ተከራክራ አታሸንፍም። እንገሩን የምናልበው፣ ቅቤውን የምናቀርበው በዙሪያዋ ያለን ነን። እኛ ከእንግዲህ ዝም አንልም። እናንተም ዝም አትበሉ። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን!

የማኅበሩ ጸሐፊ